ዛፉስ ደስ ይላል፣ እማማ ግን በእግራቸው የት ይሄዳሉ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ሶስቱ ከዲሲ ወጥቶ ሜሪላንድ፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ፓርክ አካባቢ ስለመግባት ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ምንኖረው ዲሲ ውስጥ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሆስፒታል በሺፍት እሰራለሁ። የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አለን፣ ሴቷ ደግሞ በመጪው ሴፕቴምበር 15 አምስት ዓመት ይሞላታል። ከአንድ ዓመት በፊት እናቴን ከደሴ አምጥቻቸዋለሁ አብረውን ናቸው። ልጆቼ ሳር ላይ እንዲሮጡ፣ ዛፍ ያለበት ጸጥ ያለ ሰፈር እንዲያድጉ እፈልጋለሁ። ሪልተራችን (የቤት ደላላው) ወደ ክላርክስበርግ ብትወጡ በዚሁ ብር አዲስና ሰፊ ቤት ታገኛላችሁ ይለናል፣ ባለቤቴም ልቡ እዛ ነው፣ ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) እያከራየን ሞርጌጁን (የቤቱን ብድር) እንከፍላለን ይላል። እኔ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ታኮማ ፓርክ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ግን ቤቱ ትንሽና አሮጌ ነው። ከመግባታችን በፊት ማወቅ ያለብን ምንድነው? እህታችሁ ከዲሲ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ስለ ቤቱ ስፋት ጽፈሻል፣ ስለ ልጆቹ ጽፈሻል፣ እናትሽን ግን በአንድ መስመር ነው ያለፍሻቸው፣ እኔ ደግሞ ከሳቸው ነው ምጀምረው።

ቤታችሁ ውስጥ አምስት ሰው አለ። መኪና ሚነዱት ሁለቱ ናቸው፣ እነሱም ቀኑን ሙሉ ውጪ ናቸው፣ ቤቱ ውስጥ ሚውሉት ማይነዱት ናቸው። ሰው ግን ቤት ሲመርጥ ሁሌ ሚያስበው በሚነዳው ሰው ጭንቅላት ነው፣ “ከሀይዌይ አስር ደቂቃ ነው፣ ኮስትኮ ቅርብ ነው” ይባላል፣ ለማን ነው ቅርብ የሆነው? እኔ እናቴን ያመጣሁ ጊዜ ከሜትሮ በጣም የራቀ አዲስ ሰፈር ነበርን፣ ሳሩ የተከረከመ፣ መንገዱ ንጹህ፣ ቤቱ ደግሞ ጠፍተን እስክንፈላለግ ድረስ ሰፊ። እናቴ ጠዋት ቡናዋን አፍልታ መስኮት ስር ትቀመጥና “ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?” ትለኝ ነበር። ጎረቤት አለ እኮ፣ ግን ጠዋት ከጋራዡ በመኪና ይወጣል፣ ማታ በመኪና ይገባል፣ ጋራዡ ይዘጋል በቃ። አውቶቡስ ፌርማታው 25 ደቂቃ በእግር ነው፣ እግረኛ መንገዱ ደግሞ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከጊዜ በኋላ ቡናውን ራሱ ተወችው፣ ለምን ስላት “ለብቻ ምን ቡና አለ” አለችኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሰን ስንገባ ቤታችን በግማሽ አነሰ፣ እሷ ግን በሁለተኛው ሳምንት ከእንጀራ መሸጫው የቡና ጓደኛ ይዛ መጣች።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይቺን አድርጊልኝ። ልትገዙ ወይም ልትከራዩ ካሰባችሁበት ቤት ፊት ለፊት፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ (እሁድ አይደለም፣ እሁድ ሁሉም ሰፈር ያምራል) እናትሽን ይዘሽ ሂጂና መኪናውን አቁመሽ አብረሻቸው በእግር ሂጂ። ሱቅ ድረስ ስንት ደቂቃ ነው፣ መንገድ ማቋረጫ አለ ወይ፣ ደክሟቸው ሚቀመጡበት አለ ወይ፣ ሰላም ሚሉት ሰው ያገኛሉ ወይ። ከቤቱ ውስጥ ካለው ግራናይት ምናምን ይልቅ የዚያ ግማሽ ሰዓት መልስ ነው ሚበልጠው። ክላርክስበርግ መጥፎ ቦታ አይደለም፣ ብዙ ሀበሻ ገብቶበታል ልጆችም በደንብ ያድጉበታል፣ ግን ሜትሮ የለውም፣ ቅርቡ የቀዩ መስመር መጨረሻ ሼዲ ግሮቭ ነው፣ ወደ ዲሲ ደግሞ 30 ማይል ገደማ ይሆናል። ባለቤትሽ ዲሲ ውስጥ ነው ሚሰራው፣ ጠዋት ያለ ተሳፋሪ ወርዶ ማታ ያለ ተሳፋሪ ሚመለሰውን ማይል፣ ጋዝና ሰዓት ቁጭ ብሎ ያስላው፣ ቤቱ ርካሽ ነው ሚባለው ይሄ ሳይታሰብ ነው።

ቅርብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግና በታኮማ ፓርክ በኩል ደግሞ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አውቶቡስ ራይድ ኦን ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ሰው ነጻ ነው፣ ካርድ የለ ሳንቲም የለ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናት ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ፐርፕል ላይን ሚባለው ባቡርም እየተሰራ ነው፣ ከቤተዝዳ እስከ ኒው ካሮልተን 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግን፣ ሎንግ ብራንችንና ታኮማ ላንግሊን ያገናኛል። ግንባታው በ2017 ተጀምሮ በጣም ነው የዘገየው፣ አሁን በ2027 መጨረሻ አካባቢ ስራ እንዲጀምር ነው ቀጠሮ የተያዘለት፣ ስለዚህ “ጣቢያ አጠገብ ነው” ብለው ዋጋ ሲጨምሩብሽ ባቡሩ እስኪመጣ በምን እንደምትሄዱም አስቢ። ለእናትሽ ሀበሻ ሽማግሌዎችና እናቶች ሚውሉበት አደልት ደይ ኬርም አካባቢው ላይ አለ፣ በቫን ወስደው ይመልሳሉ፣ ግን ግሪን ካርድ ከያዙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ሜዲኬድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የመንግስቱ የጤና ኢንሹራንስ) በአብዛኛው አይሸፍንላቸውም፣ በኪስ ከተከፈለ ደግሞ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ግሪን ካርዱን ሲገቡ ከያዙ እናትሽ ገና አራት ዓመት ይቀራቸዋል ማለት ነው፣ እስከዛ እግራቸውና ሰፈሩ ናቸው ሚያኖሯቸው።

አሁን ስለ ቦታው ስም። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ራሱን የቻለ ከተማ አይደለም፣ ከንቲባም የለውም፣ ሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፣ ስሙ ደግሞ የፖስታ አድራሻ ላይ በጣም ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ “ሲልቨር ስፕሪንግ” ተብሎ የተጻፈ ቤት ከሜትሮው በእግር አምስት ደቂቃም በመኪና ግማሽ ሰዓትም ሊርቅ ይችላል። ታኮማ ፓርክ ግን የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ታክስ ያለው ከተማ ነው። ታኮማ ሚባለው ሜትሮ ጣቢያ ደግሞ ዲሲ ውስጥ ነው ያለው፣ ኢስተርን አቬኑን ተሻግረሽ አንድ እርምጃ ስትገቢ ሜሪላንድ ነሽ፣ ትምህርት ቤቱም ታክሱም መንጃ ፈቃዱም ይቀየራል። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን ይዘሽ ነው ምትጠይቂው።

ትምህርት ቤት ላይ አንቺን በቀጥታ ሚነካ ነገር አለ፣ ልጅሽ በሴፕቴምበር 15 ነው ያልሽኝ። ዲሲ ውስጥ ኪንደርጋርተን ለመግባት እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት መሙላት ነው፣ ሜሪላንድ ግን እስከ ሴፕቴምበር 1 ነው። በሁለት ሳምንት ምክንያት ዲሲ ብትቆዩ ኪንደርጋርተን ምትገባ ልጅ ሜሪላንድ ስትገቡ አንድ ዓመት ትጠብቃለች ማለት ነው! ከዚህም ሚብሰው ዲሲ ውስጥ ፕሪኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ክፍል) ከ3 ዓመት ጀምሮ ነጻ ነው፣ ሞንትጎመሪ ውስጥ የመንግስቱ ፕሪኬ በዋናነት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ነው፣ ገቢያችሁ ካለፈ የአንድ ዓመት ደይኬር ከኪሳችሁ ነው፣ እሱም ከሞርጌጅ ማይተናነስ ወጪ ነው። መውጫው ምን መሰለሽ፣ ልደታቸው ከሴፕቴምበር 2 እስከ ኦክቶበር 15 ለሆነ ልጆች ቀድሞ ለመግባት ማመልከትና መፈተን ይቻላል፣ ማመልከቻው ግን ትምህርት ከመጀመሩ ከወራት በፊት ነው ሚገባው፣ ስለዚህ በኦገስት ገብተሽ በኦገስት ብትጠይቂ አልፎሻል። ወይ ደግሞ መግቢያችሁን በአንድ ዓመት ግፉት፣ ዲሲ ኪንደርጋርተን ጨርሳ አንደኛ ክፍል ትዛወር፣ ይሄን ስትጠይቂ ግን የዕድሜውን ጉዳይ አንስተሽ በጽሁፍ መልስ ያዢ።

የወንዱ ቀላል ነው፣ በአድራሻችሁ ነው ሚመደበው፣ ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ዌብሳይት ላይ የቤቱን ቁጥር አስገብታችሁ እዩ፣ ሪልተሩ የነገረሽን አትመኚ፣ ወሰኖቹ ይከለሳሉና። ኤለመንታሪ ከትምህርት ቤቱ ከ1 ማይል በታች ለሚኖር ልጅ አውቶቡስ በአብዛኛው የለም፣ ሚድል ስኩል 1.5፣ ሃይስኩል 2 ማይል ነው። አንቺ በሺፍት ከሆንሽ ጠዋት ማን ያደርሰዋል ማለት ነው። ደስ ሚለው ደግሞ እዚህ ዲስትሪክት ውስጥ አማርኛ ከዋናዎቹ የትርጉም ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ ደብዳቤዎችና ፎርሞች በአማርኛ ይመጣሉ፣ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ እናትሽም የልጁን ነገር ራሳቸው ማንበብ ይችላሉ።

ልጆቹ ሳር ላይ ይሩጡ ያልሽው ላይ አንድ ህግ አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅን ቤት ወይም መኪና ውስጥ ብቻውን ትቶ መሄድ አይቻልም፣ ሚጠብቀው ሰው ደግሞ ቢያንስ 13 ዓመት መሆን አለበት። ስለዚህ የ9 ዓመቱ ወንድሟ “እህትህን ጠብቅ” ተብሎ አይተውም፣ ሀገር ቤት እንደዛ ነው ያደግነው፣ እዚህ ግን ፖሊስ ይመጣል። እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በ2014 መጨረሻ የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከፓርክ ወደ ቤት ብቻቸውን በእግር ሲሄዱ ፖሊስ ይዟቸው ወላጆቹ ተመርምረዋል፣ በ2015 ደግሞ ተደገመ፣ ሀገር ሁሉ ነው የተከራከረበት፣ ከዛ በኋላ ስቴቱ ልጅ ውጪ መጫወቱ ወይም በእግር መሄዱ ብቻውን ቸልተኝነት አይባልም ብሎ መመሪያውን ግልጽ አድርጓል። እናትሽ ቤት መኖራቸው ስንት ነገር እንደሚያቀልላችሁ እይው፣ ለዛም ነው የሳቸው ደስታ የቤቱ ሁሉ ጉዳይ የሆነው። ለሩጫው ስላይጎ ክሪክ አለላችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ የፓርክዌዩ አንድ ክፍል ለመኪና ተዘግቶ ለሰውና ለሳይክል ይለቀቃል፣ ሀበሻ እናቶች ነጠላ ደርበው ሲሄዱ ታያለሽ።

ብሩ ላይ ልምጣ። ስትዛወሩ ከስቴቱ ኢንካም ታክስ ሌላ ካውንቲው ከገቢያችሁ የራሱን ከ3 ፐርሰንት በላይ ይወስዳል፣ አንቺም ዲሲ ብትሰሪ ታክስሽ ለሜሪላንድ ነው፣ ለአሰሪሽ ቶሎ ንገሪና ያስተካክሉልሽ፣ መኪናችሁንና መንጃ ፈቃዳችሁን በ60 ቀን ውስጥ ማዛወር አለባችሁ። ቤት ከሆነ ምትገዙት ግን ትልቁ ወጥመድ ፕሮፐርቲ ታክሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሆምስቴድ ሚባል ክሬዲት አለ፣ ባለቤቱ ለሚኖርበት ቤት ግምቱ ቢጨምርም ታክስ ሚከፈልበት መጠን በዓመት ከ10 ፐርሰንት በላይ እንዳይዘል ይይዘዋል። ሰላሳ ዓመት የኖሩ ሰውዬ ቤታቸውን ሲሸጡ ሪልተሩ የሳቸውን የታክስ ቢል ነው ሚያሳይሽ፣ ቤቱ ባንቺ ስም ሲዞር ግን የሳቸው ክሬዲት ይቀራል፣ ባንቺ ላይ በሙሉ ግምቱ ይመጣል፣ ባንኩ ኤስክሮውን (ከወርሃዊ ክፍያችሁ ለታክስና ለኢንሹራንስ ሚያስቀምጠውን) ያስተካክልና ወርሃዊ ክፍያችሁ በሁለተኛው ዓመት ድንገት ይጨምራል፣ በዚህ የተጨነቁ ስንት ቤተሰብ አውቃለሁ። ካውንቲው ራሱ አዲስ ገዢ ምን ያህል እንደሚከፍል ሚያሳይ ገጽ አለው፣ አድራሻውን አስገቢና የዛን ቁጥር ያዢ። ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ሆምስቴዱን በስማችሁ አንዴ ማመልከት ነው፣ ካላመለከታችሁ አይሰጣችሁም። ታኮማ ፓርክ ከሆነ የከተማው ታክስ ይደረብበታል፣ በየ100 ዶላሩ ግምት ከግማሽ ዶላር በላይ ነው፣ 600 ሺ ዶላር በተገመተ ቤት ላይ በዓመት 3 ሺ ዶላር ገደማ በይው። ክሎዚንግ ላይ (የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ ላይ) ስቴቱ ሚወስደው የትራንስፈር ታክስ ግማሽ ፐርሰንት ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው ግማሹ ይነሳለታል፣ የመጀመሪያ ገዢ መሆናችሁን ርክክቡን ለሚያስፈጽመው ታይትል ካምፓኒ በግልጽ ንገሩ።

አሮጌ ነው ያልሽው ቤት፣ አዎ ዛፍ ያለበት ሰፈር ቤቱ አሮጌ ነው፣ ዛፉ እኮ ትልቅ የሆነው ቤቱ ስለቆየ ነው። ኢንስፔክሽን ስታደርጉ የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ አስፈትሹ፣ የድሮው የሸክላ ቱቦ ስለሆነ የዛፍ ስር ይገባበታል፣ ማስለወጡ በሺዎች ነው። ቤዝመንቱን ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ሄዳችሁ አሽትቱት። ከ1978 በፊት የተሰራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ትንሽ ልጅ አላችሁ። ራዶን ሚባለው ሽታ የሌለው ጋዝ ደግሞ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ በዚህ ካውንቲ ቤት ሲሸጥ መለካት ግዴታ ነው፣ ውጤቱን ጠይቁ። በማዕበል ጊዜ ዛፍ ይወድቃል፣ በጁን 29 ቀን 2012 የመጣው ንፋስ እዚህ አካባቢ ለቀናት ነው መብራት ያጠፋው፣ በዛ ሙቀት።

ቤዝመንት ማከራየቱን በተመለከተ ባለቤትሽ የብዙዎቻችንን ሃሳብ ነው ያሰበው፣ ግን የራሱ ኪችን ያለው ቤዝመንት ለማከራየት ከካውንቲው ላይሰንስ ያስፈልጋል፣ እናንተም እዛው መኖር አለባችሁ፣ መኝታ ቤቱ ሰው በእሳት ጊዜ ሚወጣበት መስኮት ሊኖረው ግድ ነው። ያለ ላይሰንስ ሚገኝን ኪራይ ቆጥራችሁ ሞርጌጅ አትፈርሙ። እናትሽን ደግሞ አደራ ቤዝመንት አታውርጃቸው፣ ጸሀይ ያለበት ክፍል ስጫቸው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ አንድ ዓመት እዛው ሰፈር እከራያለሁ። ካውንቲው ከ2024 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን በዓመት ቢበዛ 6 ፐርሰንት ላይ ገድቦታል፣ አዳዲስ ህንጻዎችና አንድ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ግለሰብ አከራይ ግን ከህጉ ውጪ ናቸው፣ ሊዙ ከመፈረሙ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሲከረምና ሲበጋ ሰፈሩን ታዩታላችሁ፣ በረዶ ባቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃፋችሁን መጥረግ፣ ሳሩ ከ12 ኢንች እንዳያልፍ ማጨድ፣ ቅጠሉ፣ ይሄ ሁሉ ስራ ለቤታችሁ ይስማማል አይስማማም ይታወቃል። እናትሽ ጎመን መትከላቸው አይቀርም መቼም፣ አጋዘን በአንድ ሌሊት ነው ሚጨርሰው፣ አጥር ቀድማችሁ ስሩላቸው፣ ጤናዳሙንና በሶብላውን ግን እምብዛም አይነካም። ልጆቹ ከሳር ሲገቡ መዥገር እዩላቸው፣ ከጉልበት ጀርባና ከጸጉር ስር።

ጥያቄ፦ ታኮማ ፓርክ ቤት ገዝቼ ገባሁ፣ ግቢው ውስጥ ያለ ትልቅ ኦክ ጣራዬ ላይ ስለተንጠለጠለ ላስቆርጠው ነው፣ ጎረቤቴ ግን አትችልም አለኝ፣ በገዛ ግቢዬ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ልክ ነው፣ ሰራተኛ ከመጥራትህ በፊት ስለጠየቅክ እግዚአብሔር ይመስገን። ታኮማ ፓርክ ውስጥ የግንዱ ዙሪያ 24 ኢንች ከሆነ ጀምሮ ያለን ዛፍ (በደረት ከፍታ ይለካል፣ 61 ሴንቲሜትር ገደማ ነው) ያለ ከተማው ፈቃድ ማንሳት አይቻልም፣ የደረቀም ቢሆን መጀመሪያ ከተማው አይቶት ነው። ከተፈቀደልህ በምትኩ መትከል ወይም ለመትከያው መክፈል አለ። ዛፉ አጠገብ፣ እስከ 50 ጫማ ድረስ፣ መሬት ሚቆፍር ስራ ካሰብክም፣ ዴክም ይሁን ድራይቭዌይ፣ ቀድመህ ማስገምገም ነው። ከተማው የዛፍ ባለሙያ አለው፣ ደውልለት፣ መጥቶ ያየዋል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ ብቻ በባለሙያ ማስከርከም ይበቃል። ከከተማው ወሰን ውጪ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ህጉ ይሄን ያህል አይጠብቅም፣ ግን መንገድ ዳር ያለው ዛፍ ያንተ ቢመስልም ያንተ ላይሆን ይችላል።

አዲስ ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ትፈቅዳለች፣ ለከንቲባና ለምክር ቤት፣ የዛፉን ህግ ሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ግን ገና ግሪን ካርድ ላይ ካለህ ምትመዘገበው በከተማው ጽህፈት ቤት፣ ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። የስቴት ወይም የፌደራል መራጭ ፎርም ላይ፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ሚጠይቁህንም ጨምሮ፣ ዜጋ ነኝ ብለህ እንዳትፈርም፣ የዜግነት ማመልከቻህን ያበላሸዋል፣ ከሀገርም ያስወጣል።

ጥያቄ፦ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት አላት፣ እኛ ገና ሌላ ካውንቲ ነን፣ ልጄን በሷ አድራሻ አስመዝግቤ ጥሩ ትምህርት ቤት ባስገባው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ፣ አታድርጊው። የውሸት አድራሻ ከተገኘ ልጁ በዓመቱ መሃል ይወጣል፣ የተማረበትንም ክፍያ ሊጠይቁሽ ይችላሉ፣ ልጅሽን ደግሞ “የት ነው ምትኖረው” ሲሉት እንዲዋሽ ልታስተምሪው ነው። ግን በእውነት እህትሽ ጋ ከገባችሁ፣ አንድ ክፍል ውስጥም ቢሆን፣ በስማችሁ ሊዝ ባይኖርም መመዝገብ ይቻላል፣ በሰው ቤት በጋራ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ፎርም አለ፣ እህትሽ የቤቷን ማስረጃ ይዛ ትፈርማለች፣ አንቺም እዛ መኖርሽን ሚያሳይ ወረቀት ታቀርቢያለሽ። ፎርሙን ከትምህርት ቤቱ ሬጂስትራር ጠይቂ፣ በአማርኛ እንዲያስረዱሽ ከፈለግሽም ስትደውይ መጀመሪያ “አማሪክ” በያቸው፣ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ ያስገባሉ።